ካሜራዋ ዝም ካለች በኋላ

ቅዳሜ ማታ

ባለቤቴ ዛሬ ከሥራ ሲመለስ ጃኬቱን እንኳን ሳያወልቅ ካሜራዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ጀርባውን ሰጣት። እንዲህ የሚያኮርፈው እኔን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቀስ በቀስ አወጣጣሁት። አንድ አዛውንት አስተማሪ ጡረታ ሲወጡ የሽኝታቸውን ፎቶ ሊያነሳ ነበር የሄደው። ሰውየው ሊናገሩ ተነስተው፣ እንባ ተናንቋቸው፣ አዳራሹ እርጭ ብሎ ሳለ የእኔው ሰው ያቺን ቅጽበት ልያዝ ብሎ ቁልፉን ሲጫን ካሜራዋ "ሲጥጥ" አለች። ከኋላ አንዱ "አይጥ ገባች እንዴ?" አለ። አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። አስተማሪውም ሳቁ። እንባውም ፎቶውም እዚያው ቀረ።

እኔም ልስቅ ስል ፊቱን አየሁና ዋጥኩት።

ሲጥታው የጀመራት አምና ነው። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር፤ አሁን በተጫናት ቁጥር ሆኗል። ፎቶ ቤቱን ለልጃችን ከለቀቀላት ወዲህ እሱ የሚሠራው በዚህች በድሮዋ የፊልም ካሜራ ብቻ ነው። ልጃችን በአዳዲሶቹ ካሜራዎች ከጠዋት እስከ ማታ ጉርድ ፎቶ ታነሳለች። ወጣቶቹ ደግሞ የድሮ ነገር አምሯቸው "በፊልም ይሁንልን" እያሉ አባቷን ይፈልጉታል። ይህ ምን ያህል እንደሚያኮራው የማውቀው እኔ ነኝ። ግራ ዓይኑን ካጣ በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊቀርብኝ ነው ብዬ ስፈራ፣ ደግፋ ያቆመችው ይህች ካሜራ ናት።

የዓይን ሐኪሟ ያለችውን ሁለታችንም በቃላችን ይዘነዋል። ዓይኑ ውስጥ ግፊት አለ፤ ግራው አይመለስም፤ ቀኙ ግን ጠብታው ጠዋትና ማታ ካልተቋረጠ ይቆይለታል። "ክር የመሰለ ነገር ወይም ጭጋግ ካዩ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ" ብላዋለች። ጠብታውን የማደርግለት እኔ ነኝ። ራሱ ሲያደርገው የሚታከመው ጉንጩ ነው።

ሰኞ

ካሜራዋን ለጠጋኝ ስጣት ብለው አሻፈረኝ አለ። የሚያውቃት አንድ ጠጋኝ ነበር፣ እሱም ከሞተ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ "ሌላ እጅ አይነካትም" ብሎ ምሏል። እኔስ አልኩት። ሳቀብኝ።

"ዋና መሐንዲሷ፣ አንቺ እዚያው መነጽርሽን ጠግኚ" አለኝ።

እሱ በቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን ሌላ ሥራ ይዤ ቀኑን ሙሉ ቃሉን በልቤ ሳመላልሰው ዋልኩ። ዕድሜ ልኬን መነጽር ቤት ሌንስ ስሞርድ፣ የሰው ዓይን የማያያትን ብሎን በወረንጦ ይዤ ስተክል የኖርኩ ሴት ነኝ። የተሰበረ የመነጽር እግር ገጥሜ የት ጋ እንደተሰበረ ፈልጎ ያገኘ ደንበኛ የለም። ጡረታ ወጣሁ እንጂ እጄ ጡረታ አልወጣም። ጎረቤቶቼ ኩራቷ ራቷ ነው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይበሉ። ራቴ ከሆነማ ጠግቤ አድራለሁ።

ረቡዕ ጠዋት፣ በጥድፊያ

እህቱ ወድቃ እግሯን ሰብራለች። ብቻዋን ነች። እሱ ሻንጣውን እያስተካከለ ነው፣ አንድ ሳምንት ይቆያል። ጠብታውን እንዴት እንደምታደርግለት በስልክ አስረዳኋት። እግሯ እንጂ እጇ አልተሰበረም። ካሜራዋን እቤት ይተዋታል።

ሐሙስ

ከፈትኳት!

ከጠዋት ጀምሮ መስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛ አጸዳሁ፣ ነጭ ጨርቅ አነጠፍኩ፣ ከመነጽር ቤት ይዣቸው የወጣሁትን ትናንሽ ካቻቪቴዎች ደረደርኩ፣ ማጉያ መነጽሬን ግንባሬ ላይ አሰርኩ። መጀመሪያ ግን ምንም አልነካሁም። ሌንሱን አውልቄ፣ ፊልም እንደሌላት አረጋግጬ፣ ጆሮዬን ጎኗ ላይ ለጥፌ ተጫንኳት። ደግሜ ተጫንኳት። እሱ ሁልጊዜ "ሻተሯ ነው የሚጮኸው" ይላል። አይደለም። ሻተሩ፣ ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ ማለት ነው፣ ከኋላ ነው ያለው፣ ያለ አንዳች ኮሽታ ይሄዳል። የሚጮኸው ከፊት ነው። ፎቶ ሲነሳ ከሌንሱ ኋላ ያለችው ትንሽ መስታወት ብድግ ብላ መንገድ ትለቃለች፤ እሷን የምታነሳው ጥርስ ያላት ጎማ ዘይቷ ደርቆባት ነው።

የታችኛውን ክዳን ፈታሁ። ብሎኖቹን በአወጣጣቸው ተራ ጨርቁ ላይ ደረደርኳቸው፤ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ እንጂ እኩል አይደሉም፣ ያን የማያውቅ ሰው ነው ካሜራ የሚገድለው። ለመነጽር መታጠፊያ የምንጠቀምበትን ቀጭን ዘይት በመርፌ ጫፍ ነካሁና ከጥርሷ ላይ አሳረፍኩት። አንዲት ጠብታ እንኳን አትሞላም። ብዙ ያፈሰሰ ሰው ከጠገነው ያበላሸው ይበልጣል። ከዚያ ተጫንኩ፣ ሳብኩ፣ ተጫንኩ። ሲጥታው ቀጠነ። ቆየት ብሎ እንደ ሹክሹክታ ሆነ። ከዚያ ጠፋ። "ጠቅ" ብቻ።

ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ቆሜ አጨበጨብኩ። ያየኝ ሰው ቢኖር ለዓይን ሐኪም ሳይሆን ለሌላ ሐኪም ይመራኝ ነበር።

ለማንም አልናገርም፣ ለልጃችንም ቢሆን። ራሱ ተጭኖ፣ ራሱ ሰምቶ፣ ራሱ ይጠይቀኝ።

ዓርብ

ዛሬ ልገጥማት ስል አላስችል አለኝ። መስታወቷ ላይ አቧራ አለ። ከእሷ በላይ ያለው ብርጭቆ ደግሞ ጭራሽ ደብዛዛ ነው። ስንት ዓመት ሳይወለወል ቢቆይ ነው! እኛ መነጽር ቤት አንድ ሕግ ነበረን። ለምንም ይምጣ ለምን፣ ብሎን ለማጥበቅ ብቻ የመጣም ቢሆን፣ መነጽር ሳይወለወል ከእጃችን አይወጣም። ደንበኛው ዓይኑ ላይ አድርጎት "ውይ፣ ዓለም እንዲህ ብሩህ ነበር እንዴ" ሲል መስማት ከደሞዜ ይበልጥ ነበር።

እናም ወለወልኩ። መስታወቷን ተንፈስ እያልኩባት በመነጽር ጨርቅ፣ ከመሀል ወደ ዳር፣ ክብ ክብ እያደረግኩ። ብርጭቆውን ደግሞ በመነጽር ማጽጃው ረጭቼ ጠንከር አድርጌ አሸሁት። ሙሉ በሙሉ አልጠራም ግን ትንሽ ብልጭ አለ። ከዚያ ክዳኗን ገጠምኩ። አንድም ብሎን አልተጫረም። ጠጋኙ ከመቃብር ተነስቶ ቢያያት የተከፈተች መሆኗን አያውቅም። በዚህ እኮራለሁ፣ ምን ይደረግ።

ረቡዕ

መጣ። በአንድ ቀን እንዲህ ደስ ብሎኝም አኩርፌም አላውቅም።

ሻንጣውን ሳይከፍት ካሜራዋን አነሳና ፊልም አስገባባት። እኔ ሳህን እያጠብኩ ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ፤ ጆሮዬ ግን እሱ ጋ ነው። ወደ መስኮቱ ዞሮ አነጣጠረ። ጠቅ። ዝም። ፈገግታዬን ለሳህኑ ሰጠሁት። አሁን ይጠራኛል ብዬ ጠበቅኩ። ዞር ብዬ ሳይ ቀኝ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ ነው። እንደገና አነጣጠረ። ጠቅ። እንደገና ጠረገ። ከዚያ ካሜራዋን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ተጫናት። ደግሞ በሌላኛው ጆሮው። ከዚያ እንደ ዕቃ አስቀመጣት።

"ምነው?" አልኩት።

"ምንም" አለኝና ወደ መኝታ ቤት ገባ።

ምንም! ሰምቷታል እኮ፤ ጆሮው ላይ አድርጎ ሰምቷታል። ማን እንደጠገናት የሚጠፋው ሰው ነው? ከዚህ ቤት ሌላ ማን አለ? ተሸነፍኩ ላለማለት ነው። መነጽርሽን ጠግኚ ብሎኝ የለ፣ አሁን በየት በኩል ይመስግነኝ።

ዓርብ

ዛሬም ምንም። እኔም ምንም። መጀመሪያ የሚናገረው እሱ ነው።

እሑድ ማታ

እጄ አመድ አፋሽ ሆነ ብዬ ተቀምጫለሁ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ መነጽር ስጠግን ኖሬ አንዲት "እሰይ" ያላጣሁት እኔ፣ የገዛ ባሌ አንደበቱን ቆለፈብኝ።

ጭራሽ ደግሞ ነገር ጀምሯል። ሬዲዮኑን ጎረቤት እስኪሰማው ድረስ ከፍ ያደርገዋል። ስቀንሰው ይጨምረዋል። የምነግረውን ነገር ሁሉ "ምን አልሽ?" እያለ ሁለቴ ያናግረኛል። ራት ላይ ጨው አቀብለኝ ስለው "ምን አልሽ?" አለኝ። አፌ ሙሉ ነበር፣ ቢሆንም። ሳልናገር ስቀር ደግሞ ከንፈሬን ያያል። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ የሚሉትን ነገር አውቀዋለሁ፤ ሆን ብሎ ነው። ስለ ካሜራዋ እንዳላነሳበት ነው።

ዓርብ ላይ መናገር ነበረብኝ ይሆን? አይ። ለምን እኔ?

ማክሰኞ

ጠዋት ጠብታውን ላደርግለት ስገባ ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት ፊት ቆሞ አገኘሁት። ግራ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኗል። ጠፍቶ የለ እንዴ፣ ምን ይሸፍነዋል? ሲያየኝ እጁን አወረደ።

ክር ታያለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። "አንዳንዴ" አለ።

ጭጋግስ አልኩት። ፊቱን ወደ ሰዓቱ መለሰ። ዛሬውኑ ሐኪም ጋ እንሂድ ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። አልሄድም አለ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ጫማውን ፊቱ አምጥቼ አስቀመጥኩለት።

"ሄጄ ምን ልስማ?" አለኝ። "ሳልሰማው ልቆይ ትንሽ።"

እኔ ለአንዲት ምስጋና ሳኮርፍ ሰውየው ይህን በሆዱ ይዞ ነበር። ምን ዓይነት ሴት ነኝ? ጠብታውን አንድ ማታ ዘለልኩ ይሆን? አልዘለልኩም። እህቱስ በትክክል አድርጋለት ይሆን? ከእሷ ቤት ከመጣ ወዲህ ነው ፊቱ የጠቆረው። ደውዬ በነገር ወጋ አደረግኳት። አለቀሰች። ያንንም ጥፋቴ ላይ ጨመርኩ።

ሐሙስ

ልጃችን ባለፈው ሳምንት ከካሜራዋ ያወጣውን ፊልም አጥባ ፎቶዎቹን አመጣች። መስኮቱ፣ የእኔ ጀርባ፣ ከውጭ ያለው ዛፍ። ቅጠሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ልጃችን "አባዬ፣ እንዲህ ጥርት ብሎልህ አያውቅም እኮ" ብላ አቀፈችው።

ፎቶዎቹን ተራ በተራ አያቸው። በማጉያም አያቸው። ከዚያ "እንግዲህ ካሜራዋ ጤነኛ ናት" አለ።

ካሜራዬ ጤነኛ ናት ብሎ እንዲህ ሬሳ የመሰለ ሰው አይቼ አላውቅም። ልጃችን ከሄደች በኋላ ታዲያ ምን ያስከፋሃል አልኩት። "ካሜራዋ ናት ያነሳችው፤ እኔ አላየሁትም" አለኝ። አልገባኝም። ደግሜ አልጠየቅኩም፤ ፊቱ አያስጠይቅም።

ቅዳሜ

ጠብታ ልገዛ መድኃኒት ቤት ስሄድ ፋርማሲስቷ ወደ ጥግ ጠራችኝ። ልጇ በቅርቡ ታገባለች፣ ፎቶውን በፊልም እንዲያነሳላት የእኔን ሰው ይዛዋለች። ሙሽሪት ቀሚሷን ሳትመርጥ ፎቶ አንሺዋን መረጠች ተብሎ ሲሳቅ ነበር።

"ጋሼን አስቀይመናቸው ይሆን እንዴ?" አለችኝ። "ሌላ ሰው ፈልጉ ብለው ደወሉልን እኮ። ምክንያቱን አልነገሩንም።"

ቀን ተጋጭቶበት ነው አልኳት። ዋሸሁ። የጠብታውን ብልቃጥ በእጄ ጨብጬ እስከ ቤት መጣሁ፣ ቦርሳ ውስጥ መክተቱም ትዝ አላለኝም።

ለምን አልኩት። ደክሞኛል አለ። ያን የሚያህል ሥራ ለማንም ሳትነግር ትመልሳለህ አልኩት። የሰው ሰርግ ውስጥ ገብቼ መሳቂያ መሆን አልፈልግም አለኝ። ማን ይስቅብሃል አሁን፣ ሲጥታዋ የለ ብዬ ልናገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መለስኩት። በዚህ ሰዓት ስለ እኔ ሙያ ማውራት ነውር መሰለኝ። ወይም አሁንም እሱ እንዲያነሳው ፈልጌ ይሆናል። አላውቅም።

ሰኞ

ከእህቱ ጋር በስልክ ሲያወራ ከኮሪደሩ ሰማሁት። ላደምጥ አልነበረም፤ ልብስ ይዤ እያለፍኩ ነበር። ደግሞም እንዲህ ከፍ ባለ ድምፅ እያወራ ማን የማይሰማው አለ።

"አንዱ ብቻ ቢሆን ምን አለበት" ይላል። "ሁለቱም ተያይዘው መጡብኝ እንጂ። እሷ አታውቅም። አንዱን ብቻ ነው የምታውቀው።"

ሁለቱም ዓይኖቹ ማለቱ ነው። ግራውማ ድሮም የለም። እንደ አዲስ ቆጥሮት ነው አልኩ። ልብሱን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ስነሳ የታጠፈው ሁሉ ተጨማዷል።

ከሰዓት በኋላ ለልጃችን ደውሎ መጥታ ካሜራዋን እንድትወስዳት ነገራት። የፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ለጌጥ ትሁን አለ። በፎጣ ጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀላት።

ማክሰኞ

ይህን ገጽ ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ ሰረዝኩት።

እሱ ፀጉር ሊቆረጥ ወጣ። ካሜራዋ ከቤት ሳትወጣ ሥራዬን አንድ ጊዜ ልሰናበተው ብዬ ከፎጣው ፈታኋት። ተጫንኳት፤ ጠቅ። ቅቤ ናት። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ፣ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሀል። ከዚያ በሕይወቴ አድርጌው የማላውቀውን አደረግኩ። ዓይኔ ላይ አድርጌ ወደ መስኮቱ አነጣጠርኩ። እኔ እጠግናለሁ፣ እሱ ያያል፤ ሥራችን እንደዚያ ተከፍሎ ነበር የኖረው።

ጭጋግ ነበር። በጭጋጉ መሀል ደግሞ ክር። ከላይ ወደ ታች ወረድ ብሎ ጠመም የሚል ቀጭን ክር፣ ከጎኑም ሌሎች፣ ክብ ክብ የሆኑ።

መጀመሪያ የመጣልኝ እኔም ዓይኔ ሄደ የሚል ነው። ካሜራዋን ዝቅ አደረግኩ። መስኮቱ ጥርት ብሏል። ከፍ አደረግኩ። ክር። በሌላኛው ዓይኔ። ክር። ሌንሱን አውልቄ በማጉያ መነጽሬ አየሁ። መስታወቷ ላይ የእኔ ክቦች አሉ፣ ከመሀል ወደ ዳር። ብርጭቆው ላይ የእኔ ጭረት አለ። እጄን አውቀዋለሁ፤ የማንም አይደለም።

ፎጣው ውስጥ መልሼ ጠቀለልኳት። ፀጉሩን ተቆርጦ ሲመጣ ያምርብሃል አልኩት። ምን አልሽ አለኝ። ያምርብሃል አልኩት ደግሜ። ሌላ አልተናገርኩም።

ረቡዕ

አልነገርኩትም። መጀመሪያ ማረጋገጥ አለብኝ ብዬ ነው።

ለልጃችን ደወልኩና እንዲሁ በጨዋታ መሀል የካሜራ መስታወት በምን ይወለወላል አልኳት።

"በምንም" አለች። "እማ፣ እሱ እኮ እንደ ቤት መስታወት የሚያንጸባርቀው የብር ቅቡ ከጀርባው አይደለም፤ ከፊቱ ነው። ጣት ከነካው አለቀለት። ከላዩ ያለው ብርጭቆማ ሆን ተብሎ ነው የደበዘዘው፣ ምስሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። አባዬ ሁለቱንም በአየር እፍ ያደርጋቸው ነበር እንጂ ጨርቅ አስነክቷቸው አያውቅም። ምነው?"

እንዲሁ አልኳት። ቢጫር ፎቶው ይበላሻል ወይ አልኳት። አይበላሽም አለች፣ ፎቶ ሲነሳ መስታወቱ ብድግ ብሎ ከመንገድ ይወጣል፤ የሚቸገረው የሚያየው ሰው ብቻ ነው። መስታወቱን ራሷ መቀየር እንደምትችልም ነገረችኝ። ከዚያ ወሬ ቀየረች። ለነገ ጠዋት ሐኪሟ ጋ ቀጠሮ አስይዛለታለች፣ ጎትታም ቢሆን ትወስደዋለች። እኔ እወስደዋለሁ አልኳት።

እና አረጋገጥኩ። አሁን ምን ቀረኝ? ካሜራዋ ጤነኛ ናት ያለው ለዚህ ነበር። ፎቶው ጥርት ካለ፣ ካሜራዋን ማንም ካልነካት፣ የታመመው ዓይኔ ነው ብሎ ደመደመ። ማንም እንዳልነካት እንዲመስል ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ብሎን እንኳን ሳልጭር። ኮርቼበት ነበር እኮ! ደብተሩን ገልጬ ያን ገጽ አነበብኩት። ልቀደው ብዬ ተውኩት።

ራት ላይ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እሱ ቀደመኝ። ሐኪሟ አልቋል ካለችው ጋዜጣ ላነብለት እንደምችል ጠየቀኝ። ከፍ አድርገሽ ካነበብሽልኝ ነው ታዲያ አለ። እሺ አልኩት። ከዚያ እንዴት ልናገር? እንዲህ ያለ ሰው ፊት "ጨርቄ ነው" እንዴት ይባላል? ከተናገርኩ ደግሞ ያ ሁሉ ቀን ለምን ዝም አልሽ ይለኛል። ለምን ዝም አልኩ? ዓርብ ላይ "ጠግኜልሃለሁ" ብል ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ዓርብ ቀርቶ ዛሬ ጠዋትም ቢሆን። ነገ ሐኪሟ ራሷ ዓይኑ ደህና ነው ስትለው ያልፋል አልኩ። ግን ካሜራዋን ሲያነሳ ክሩ እዚያው አለ። ሐኪሟ ዋሸችኝ ይላል እንጂ አያምናትም። እሱን አውቀዋለሁ።

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ

ከሐኪም ቤት ተመልሰን እሱ ተኝቷል፤ ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ኮሪደሩ በሰው ጢም ብሎ ነበር። ግድግዳው ሥር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ተረኛዋ ነርስ የሰው ስም ስትጠራ በእያንዳንዱ ስም ወደ እኔ ዞሮ "እኔ ነኝ?" ይላል። አይደለህም እለዋለሁ። ጉልበቱ ላይ እጁን ጨብጦ ነው የተቀመጠው፣ ፈተና እንደሚጠብቅ ተማሪ። ከፊታችን አንድ ሰው ሲቀር ከዚህ በላይ መታገሥ አቃተኝ።

"ስማኝ" አልኩት። "ክሩ ያንተ አይደለም። የእኔ ነው።"

ዞሮ አየኝ። እህትህ ጋ በሄድክ ጊዜ ካሜራዋን ከፍቻት ነበር አልኩት። መስታወቷን ወለወልኳት፣ ብርጭቆውንም አሸሁት፣ እንደ መነጽር። ጭረቱ የእኔ ነው፣ ጭጋጉም የእኔ ነው፣ ከትናንት ወዲያ አይቼዋለሁ፣ በራሴ ዓይን። ከአፌ የወጣው እንዲህ ዝብርቅርቁ ወጥቶ ነው። ሰው ሰማኝ አልሰማኝ አላልኩም።

ጉልበቱ ላይ የጨበጠውን እጁን ፈታ። ከዚያ "በምን ወለወልሻት?" አለ።

"በመነጽር ጨርቅ።"

"ክብ ክብ እያደረግሽ?"

"ክብ ክብ እያደረግኩ።"

ዓይኑን ጨፈነ። እንዲህ ሲያደርግ ሊቆጣ ነው ወይም ሊስቅ ነው፣ ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ ዛሬም አልለየውም። የቱ እንደሆነ ሳላውቅ ስሙ ተጠራ።

ሐኪሟ ረጅም ጊዜ ወሰደች። በመብራትም በማሽንም አየችው፣ ፊደልም አስነበበችው፣ ትንሿን መስመር ሳይሳሳት ጨረሳት። ቀኙ ባለፈው እንደነበረው ነው፣ ግፊቱም ባለበት ነው አለች። ጠብታውን የሚያደርግልዎት ሰው ጎበዝ ነው ብላ ጨመረች። በሌላ ቀን ቢሆን ይህቺን ንግግር ለሳምንት እኖርባት ነበር። ዛሬ አንገቴን ደፍቼ ሰማኋት።

ወጣን። ደረጃው ላይ ክንዱን ልይዝ ስል ቆመ። ወደ ታች እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሲጥታዋስ?" አለኝ።

"ምኑ?"

"እህቴ ጋ ሄጄ ከተመለስኩ ወዲህ አልሰማትም። ሬዲዮኑንም እየጨመርኩ ሞከርኩት። ጆሮዬም ሄደ ብዬ ነበር። ሰው ሁሉ እየሰማት የሚታዘበኝ ይመስለኝ ነበር። ሰርጉንም የተውኩት ለዚያ ነው። ፎቶ ሳነሳ እየጮኸች እኔ ሳልሰማት፣ ሰው እየሳቀ..."

የቀረውን አልጨረሰውም።

"እሷም የእኔ ሥራ ናት" አልኩት። "እሷን ግን ጠግኛት ነው።"

"ጠግነሻት?"

"ጠግኛት።"

የደረጃውን ብረት ያዘና ሳቀ። የሚወጣውም የሚወርደውም እየዞረ እስኪያየው ሳቀ። እንባው በሁለቱም ዓይኖቹ ነው የወረደው፤ እኔም የማለቅሰውን ከሱ ጋር አለቀስኩት። ከዚያ መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠረገና ቀጥ ብሎ ቆመ። ሙያተኛ ለሙያተኛ በሚያወራበት ድምፅ "የት ጋ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ሻተሯ አይደለም" አልኩት። "ከመስታወቷ ጎን ያለችው ጥርስ ናት።"

"አትይኝም!"

ክንዱን ያዝኩና ከመጀመሪያው ብሎን ጀመርኩለት። እሱ እየጠየቀ፣ እኔ እየመለስኩ፣ ቤት እስክንደርስ አልጨረስንም።